የመጀመሪያ ዴስክቶፕ ስትገዙ፦ ነገ የማይቀየረውን ዛሬ ምረጡ

(ምስል፦ ያገለገለ ዴስክቶፕ። ካሜራው ፊቱ ላይ ወደተለጠፈችው ስቲከር ይጠጋል።)

«ኮር አይ ሰባት ናት፤ ስምንት ራም፣ አምስት መቶ ሃርድ ዲስክ። ንጹሕ ናት።»

ኮምፒውተር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይህንን ነው። ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ዋናው ቁጥር ግን አልተጠራም፤ ጄኔሬሽኑ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ።

አይ 7 የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰር የደረጃ ስም ነው፤ የዕድሜ አይደለም። ከ4ኛ ክፍል አንደኛ የወጣን ልጅ ከ12ኛ ክፍል መካከለኛ ተማሪ ጋር ሒሳብ አታፎካክሩትም። እዚህም እንደዚያ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ 7-2600 በ2020 ከወጣው አይ 3-10100 ጋር ሲገጥም ይሸነፋል። ሁለቱም አራት ኮር (ሥራ የሚካፈሉ የፕሮሰሰር ክፍሎች) አላቸው፤ አዲሱ ግን እያንዳንዱን ሥራ ቶሎ ይጨርሳል፣ የሚፈጀውም ኤሌክትሪክ ያንሳል።

(ስክሪን ላይ፦ አይ 5-8500 ተጽፎ፣ 8 ቁጥር በቢጫ ይከበባል።)

ጄኔሬሽኑን ለማወቅ ከሰረዟ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። አራት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያው፣ አምስት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። 8500 ስምንተኛ ነው፤ 10400 ደግሞ አሥረኛ። መጨረሻ ላይ ኤፍ ፊደል ካለ ፕሮሰሰሩ በውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ለብቻው ካርድ ካልገዛችሁ ሞኒተሩ ላይ ምንም አይመጣም። ቲ ካለ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንዲበላ የተሠራ ነው።

ከስምንተኛ በታች አትውረዱ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከስምንተኛው ይጀምራሉ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ባለሙያ ይህንን ገደብ ዘሎ ይጭንላችኋል፣ ይሠራልም፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለው ማሽን ማሻሻያ ለመላኩ ዋስትና አይሰጥም። ሁለተኛው ምክንያት ኮር ነው። በዴስክቶፕ አይ 5 እስከ ሰባተኛው ድረስ አራት ኮር ነበረው፣ በስምንተኛው ስድስት ሆነ፤ አይ 3 ደግሞ ከሁለት ወደ አራት አደገ። በ7500 እና በ8500 መካከል ያለችው የአንድ ቁጥር ልዩነት ቀላል አይደለችም።

«ለጊዜው ሰባተኛውን ልውሰድ፣ በኋላ ፕሮሰሰሩን እቀይረዋለሁ» የሚል ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። የስምንተኛው ፕሮሰሰር መቀመጫ ከሰባተኛው ጋር በቅርጽ አንድ ነው፤ ቁጭም ይላል። ግን የሰባተኛው ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) አያስነሳውም። ራም (የተከፈተ ሥራ የሚያዝበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ይጨመራል፣ ዲስክ ይቀየራል፤ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ግን አብረው የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ገንዘባችሁን መጀመሪያ እዚያ ላይ አውሉ።

ከቢሮ ወጥተው በድጋሚ የሚሸጡ ማሽኖች ላይ ክዳን ሳትከፍቱም ዕድሜውን መገመት ይቻላል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3050፣ 5050 ወይም 7050 ከሆነ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ነው፤ 3060፣ 5060 ወይም 7060 ከሆነ ስምንተኛ። ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ላይ ጂ 3 ሳይሆን ጂ 4 የሚለውን ፈልጉ። ሌኖቮ ቲንክሴንተር ከሆነ ኤም 710 እና ኤም 910ን አልፋችሁ ኤም 720 ወይም ኤም 920 ላይ ቁሙ።

(ምስል፦ ሦስት ማሽኖች ጎን ለጎን፤ ትልቁ፣ ቀጭኑ፣ መጽሐፍ የምታክለው።)

የቀፎው መጠንም በኋላ የማይቀየር ነገር ነው። መጽሐፍ የምታክለዋ ጠረጴዛ አታጣብብም፤ ራሟ ግን የላፕቶፕ ነው፣ ግራፊክስ ካርድ የሚገባበት ቦታም የላትም። ቀጭኑ ካርድ ይቀበላል፣ ቁመቱ አጭር የሆነውን ብቻ። ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ፓወር ሰፕላዩ 200 ዋት አካባቢ ነው፤ ቅርጹም የራሱ ስለሆነ ከገበያ ያገኛችሁትን ሌላ አትገጥሙበትም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ጌም የሚወድ ልጅ ካለ ትልቁን ግዙ። ለጽሑፍ፣ ለኤክሴል፣ ለኦንላይን ትምህርትና ለፊልም ቀጭኑ ይበቃል፤ ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድም አያስፈልግም።

ወደ ዲስክ እንለፍ። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ያነባል። በሳታ ገመድ የሚገጠም ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) 550 ገደማ፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ 3000 አልፎ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስትሸጋገሩ ኮምፒውተሩ ሌላ ኮምፒውተር ይሆናል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ያለውን ልዩነት ግን በዕለት ሥራ ብዙም አትለዩትም፤ ለእሱ ብላችሁ ብዙ አትጨምሩ። 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ከ256 ጊጋ ኤስኤስዲ የሚበልጥ ይመስላል፤ በቦታ እንጂ በፍጥነት ግን አይደርስበትም። ዊንዶውሱን ኤስኤስዲው ላይ ጫኑ፤ ሃርድ ዲስኩ ካለ ለፊልምና ለፎቶ ይሁን።

እዚህ ጋ አንድ ማጭበርበሪያ አለ። ስሙ የማይታወቅ «1 ቴራ» ኤስኤስዲ በ256 ዋጋ ሲቀርብላችሁ፣ ውስጡ ያለው ትንሽ ሜሞሪ ሆኖ ለዊንዶውስ 1 ቴራ ነኝ እንዲል ተደርጎ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ምንም ችግር አይታይም። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ የሠርግ ፎቶ ልትከፍቱ ስትሉ ነው የምታውቁት። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይህንን ያጋልጣል።

ራም ለጀማሪ 8 ጊጋ ይበቃል፤ ብሮውዘር ላይ ሃያ ገጽ ከፍቶ የሚሠራ ሰው 16 ያድርግ። ማዘርቦርዱ ሁለት መሰኪያ ብቻ ካለው ሁለት ባለ 4 ሳይሆን አንድ ባለ 8 ጠይቁ። ሁለት ሆኖ ሲሰካ ትንሽ ፍጥነት ይጨምራል፣ እውነት ነው፤ ግን በኋላ ልታሳድጉ ስትፈልጉ ሁለቱንም አውጥታችሁ ትጥላላችሁ። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች የተቆረጡበት ቦታ ስለሚለያይ አይተካኩም፤ በጉልበት አትጫኑ። በጣም ረክሶ የምታገኙት ራም ከሰርቨር (ከድርጅቶች ትልቅ ኮምፒውተር) የወጣ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በቤት ኮምፒውተር አይነሳም።

ሞኒተሩ 22 ወይም 24 ኢንች፣ 1920 በ1080 ይሁን። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የማሽኑን ጀርባ እዩ። እነዚህ የቢሮ ማሽኖች ብዙ ጊዜ ያላቸው የሞኒተር መሰኪያ ዲስፕሌይ ፖርት ነው፤ አሮጌ ሞኒተር ያለው ደግሞ ቪጂኤ። መቀየሪያውን እዚያው ካልያዛችሁ ቤት ገብታችሁ ሁለት የማይገናኙ ዕቃዎች ታቅፋችሁ ትቀመጣላችሁ። ዋይፋይም ብዙዎቹ የላቸውም። ለጊዜው የስልካችሁን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ገመድ ማጋራት ይቻላል።

(ምስል፦ የፓወር ሰፕላይ ጀርባ፤ ጣት ቀይዋን ማንሸራተቻ ታሳያለች።)

ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ማሽን ከሆነ ይቺን ቀይ ማንሸራተቻ ፈልጉ። 115 ላይ ሆና 220 ቮልት ላይ ከሰካችሁት በአንዴ ጧ ይላል። ወደ 230 አዙሯት። ማንሸራተቻዋ ከሌለች ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ካለ ስጋት የለም።

መብራት በሚመላለስበት ቤት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከአይ 7 ይቀድማል። ስታብላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው የሚሸከመው። ለቀጭኑ ማሽንና ለአንድ ሞኒተር ግን ይበቃል፦ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት ታጠፉበታላችሁ። ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩበት፤ ሲሞቅ በአንዴ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

አሁን ሱቁ ውስጥ ናችሁ፤ ማሽኑ በርቷል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ከላይ በቀኝ ተጽፏል፤ ስቲከር ይዋሻል፣ ይህ ግን አይዋሽም። ሜሞሪ የሚለው ውስጥ ስንት መሰኪያ እንደተያዘ ታያላችሁ። የራሙ ፍጥነት 2400 ወይም 2666 ካለ ደህና ነው፤ 1600 ካለ ዲዲአር 3 ነው፣ «ስምንተኛ ነው» የተባላችሁት ወሬ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ከፍታችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። ፋኑ እንደ ወፍጮ ከጮኸ ወይም ማሽኑ ራሱን ካጠፋ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ እዚያው ይቀይርላችሁ። ቀጥሎ አጥፍታችሁ አብሩትና ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 1 እየነካካችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈት የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ግቡ። ፓስዎርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው አትግዙት።

ባዮሱ ውስጥ ቀኑ ከዓመታት በፊት ወዳለ ጊዜ ተመልሶ ብታገኙት ግን አትደንግጡ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፤ ሲአር 2032 ትባላለች። ካልተቀየረች ከሶኬት በነቀላችሁት ቁጥር ቀኑ ይሳሳታል፣ በዚያም ምክንያት ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሻጩ ይጨምርላችሁ።