«ሞተ» ብላችሁ ብቻ አታስተምሩ

በድሬዳዋ የእንግሊዝኛ መምህራን የዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ርእሳነ መምህራን፣ የተወደዳችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በዚህ የሰኔ ሙቀት ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዓመቱን በሰላም ላስፈጸመን አምላክ ምስጋና ይድረሰው።

አዘጋጆቹ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት በጠቅላላው እንድናገር ጠይቀውኛል። መጽሐፍ እንደሚያጥረን፣ ክፍሎቻችን እንደተጨናነቁ በየዓመቱ እንናገራለን፤ እውነትም ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገር ስለሚሰጥበት መንገድ።

ያንን ወረቀት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በግራ ፈሊጦቹ፣ በቀኝ ትርጉማቸው። ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ ሲነሣ ኖሮ ፊደሉ ደብዝዟል። ከሳቢያን እስከ ለገሃሬ ያልደረሰበት ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም። ተማሪው ይሸመድደዋል፤ ፈተናው «አዛምድ» ይለዋል፤ ያዛምዳል፤ ያልፋል።

ከዚያ ወረቀት ስለተማረች አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ከመካከላችሁ ያስተማራችኋት አላችሁ። ጎበዝ ነበረች። ትምህርቷን እንደጨረሰች እዚሁ ከተማችን የውጭ አገር ሰዎች ከሚሠሩበት አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። አንድ ጠዋት የኃላፊዋ አባት በአገራቸው ማረፋቸው ተሰማ። እንደ ባህላችን ሠራተኛው ሁሉ ለማጽናናት ተነሣ። እንግሊዝኛ የምትችለው እሷ ናት ተባለና የማጽናኛውን ካርድ እንድትጽፍ ተወከለች። «ሞቱ» ብሎ በቀላል ቃል መጻፍ ደረቅ ሆነባት፤ ለሐዘኑ ክብር የሚመጥን፣ ላቅ ያለ እንግሊዝኛ ፈለገች። ወረቀቱ ትዝ አላት። «ኪክ ዘ ባኬት»፤ ቃሉ «ባልዲውን ረገጠ» ነው፤ በቀኝ በኩል የተጻፈው ትርጉም ደግሞ «ሞተ»። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ አሰፈረችው። ሠራተኛው አንድ በአንድ ፈረመበት። ካርዱም ለሐዘንተኛዋ ተሰጠ።

ይህ አነጋገር ከቀድሞውም የመንደር አነጋገር ነው፤ በ1785 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በታተመ የተራ ሰው ቋንቋ መዝገበ ቃላት ላይ ሰፍሯል። በቀልድ፣ በግዴለሽነት ይባላል እንጂ አባቱን ለቀበረ ሰው አይባልም። ለሐዘንተኛ የሚባለው «ፓስት አዌይ» ነው። እኛስ «አባትዎ አረፉ» እንላለን እንጂ «ክልትው አሉ» ብሎ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሐዘንተኛዋ ካርዱን አንብበው ዝም አሉ። ነገሩ ሲጣራ ግን ባልደረቦቿ ሳቁባት። እነዚያው የፈረሙት ሰዎች! ከዚያ ቀን በኋላ ይህች ልጅ በስብሰባ ላይ በእንግሊዝኛ መናገር ተወች። ሲጠይቋት እንኳ በአማርኛ ትመልሳለች።

እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ያንኑ ፈሊጥ «ሞተ» ከሚለው ቃል ጋር አዛምዳ በፈተና ነጥብ አግኝታበታለች! ትክክል ነው ተብሎ ምልክት ተደርጎላታል። ታዲያ ያጠፋችው እሷ ናት ወይስ ፈተናው? ግማሹን እውቀት ሰጥቶ እንደ ሙሉ የሚቆጥር፣ ከዚያም ልጆቻችንን በአደባባይ የሚያዋርድ ፈተና ፈተና ነው ልንለው አይገባም!

ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ ለድሬዳዋ ሰው የሚነገር አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ይህች ከተማ በብዙ አንደበት ስትገበያይ ኖራለች። ቀፊራ ገበያ ግቡ። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የምትሸጥ ልጅ በኦሮምኛ ዋጋ ትከራከራለች፤ በሶማልኛ ሒሳብ ትቀበላለች፤ በአማርኛ ከጓደኛዋ ጋር ትቀልዳለች። ለእኩያዋ የምትለውን ለሽማግሌ አትደፍርም። ይህን ማን በወረቀት ጻፈላት? ሰው ሲናገር ሰምታ፣ ማን ለማን በምን ስሜት እንዳለው አይታ ነው የለመደችው። ይህችው ልጅ እንግሊዝኛ ክፍል ስትገባ ግን ተናጋሪም ሰሚም የሌለው ቃል ይሰጣታል።

ወረቀቱ የሚደብቀው ሌላም አለ። «ስፒል ዘ ቢንስ»፣ ቃሉ «ባቄላውን አፈሰሰ»፣ ማለት ምስጢር ማውጣት ነው፤ «ባቄላው ፈሰሰ» ብላችሁ ብትገለብጡትም ትርጉሙን ይይዛል። ባልዲው ግን «ተረገጠ» ከተባለ የቀረው ባልዲ ብቻ ነው፤ ሞቱ የለም። «ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል» ደግሞ ከትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 የመጣ ነው። በብልጣሶር ግብዣ ላይ በግድግዳው የጻፈችውን እጅ ብዙ ተማሪዎቻችን ከቤታቸው ያውቋታል፤ ለማያውቀውም ታሪኩ አጭር ነው። አንዴ የሰማው ፈሊጡ የመጪ ጥፋት ምልክት መሆኑን አይረሳም። ታሪኩን ትተን ትርጉሙን ብቻ እናሸመድዳለን። ስለ ኃይለኛ ዝናብ የሚባለው «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»ም እንግሊዞቹ ራሳቸው ዛሬ እምብዛም አይሉትም፤ በእኛ ወረቀት ላይ ግን ከላይ ተቀምጧል።

ጊዜ የለንም ትሉኝ ይሆናል። 100 ፈሊጥ ለማሸምደድ የሚጠፋው ጊዜስ? 20 ይበቃል፤ ከነተናጋሪው፣ ከነሰሚው ይሰጥ።

ርእሳነ መምህራን፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከመስከረም ጀምሮ ፈሊጥ በማዛመድ ጥያቄ አይፈተን። በምትኩ አጭር ምልልስ ይቅረብና ተማሪው ፈሊጡ ለዚያ ሰው፣ በዚያ ቦታ ይስማማ እንደሆነ ይመልስ። ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት የትኛው አነጋገር የቀልድ፣ የትኛው ያረጀ እንደሆነ ምልክት ያደርጋሉ፤ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎባቸው የተቀመጡትን አውጡልን። መምህራን ደግሞ በክረምቱ ተገናኝተን ጥያቄዎቹን አብረን እንጻፍ። መዝገቡ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን አስፍሩ።

አመሰግናለሁ።