ከባሕሩ በፊት መሬቱን እዩልኝ

ውድ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሁለት ሥራ እየሠራችሁ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያበቃችሁ አላችሁ። አሁን ጡረታ ደርሷል። ከሲያትል ጨለማ ክረምት ወጥታችሁ፣ ባሕር የሚታይበት ደሴት ላይ የራሳችሁን ቤት ልትሠሩ የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ደውላችሁ ጠይቃችሁኛል። የሁላችሁም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሃዋይ የት ጋ እንግዛ?»

በስልክ በደንብ አልመለስኩላችሁም። ዛሬ ጊዜ ወስጄ ልመልስ።

የማወራው ስለ ትልቁ ደሴት ብቻ ነው። የስቴቱም የደሴቱም ስም ሃዋይ ስለሆነ ሰው «ቢግ አይላንድ» ይለዋል። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው እዚያ ነው። የምትልኩልኝ የርካሽ መሬት ማስታወቂያም አብዛኛው የዚያ ነው።

መጀመሪያ የኛን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ቦታ የገዛነው በፎቶ አይተን ነው። ፑና በሚባለው ወረዳ ነበር፤ ዋጋው ካገለገለ መኪና አይበልጥም። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ዛፍ አለ። ሻጩ አልዋሸንም፤ ያልጠየቅነውን ግን አልነገረንም። ሄደን ስናየው አካፋ የማይገባበት ጥቁር ድንጋይ ነው። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ እጅ ላይ ቅልል ይላል። ጠርዙ ግን ጣቷን ቆረጣት። ዞር ዞር ብለን አየን። የውሃ ቧንቧ የለም። የመብራት ምሰሶው ሩቅ ቀርቷል። ኢንሹራንስ ስንጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ላቫ ዞኑ ስንት ነው?» የሚል ሆነ። ይህን ቃል በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ነው። ገንዘቡን ከከፈልን በኋላ።

እናንተ ዛሬ፣ ሳትከፍሉ፣ ስሙት። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ደሴቱን በሙሉ፣ ላቫ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የሚፈሰው ቅልጥ ድንጋይ በሚያሰጋው ልክ፣ ከ1 እስከ 9 ከፋፍሎታል። 1 ማለት እሳተ ገሞራው ራሱ የሚፈነዳበት መስመር ነው። 2 ከሱ አጠገብና ከሱ በታች ያለው ቁልቁለት ነው፤ ቅልጥ ድንጋይ እንደ ውሃ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። 9 ደግሞ በሰሜን ጫፍ ያለው ኮሃላ ነው፤ ከ60,000 ዓመት ወዲህ አልፈነዳም። በምዕራብ ዳርቻ ያለው የኮና ከተማ ዞን 4 ነው። ኮና ስትደርሱ አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ሜዳ እንኳ በፈረንጆቹ 1801 የፈሰሰ ላቫ ላይ ነው የተሠራው። ካርታው ለማንም ክፍት ነው፣ ነፃ ነው።

በፈረንጆቹ ግንቦት 2018 ፑና ውስጥ ሌይላኒ በሚባለው ሰፈር መንገዱ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ እሳት ወጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ700 በላይ ቤቶች ጠፉ። ካፖሆ የሚባለው ውብ የባሕር ወሽመጥ በላቫ ተሞልቶ የብስ ሆነ። ሰዎቹ መኪናቸው ላይ የቻሉትን ጭነው ወጡ፤ ብዙዎቹ እንደናንተ ለፍተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ልቤን የሚያደማኝ ግን ይሄ ነው፦ በ1955ም እዚያው አካባቢ ፈንድቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው መሬቱ ተሸንሽኖ ለገበያ የወጣው። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ተደብቆ አያውቅም። የሚጠይቅ ነው ያነሰው።

ስለዚህ ዞን 1 እና 2 ላይ አትሥሩ። ይህን ስናገር እዚያ የሚኖሩ፣ የምወዳቸው ጎረቤቶች እንዳሉኝ አልረሳሁም። ግን ብዙ ባንክ ለነዚህ ዞኖች ብድር አይሰጥም፤ የኢንሹራንሱም ዋጋ ከፍ ያለ ነው። በ65 ዓመቱ ያለ የሌለ ጥሪቱን ለሚያፈስ ሰው ይህ አይሆንም።

አሁን ወደ ዝናቡ። እኛ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ይህ እውቀት እዚያ ደሴት ላይ እንደሚጠቅማችሁ ልነግራችሁ ደስ ይለኛል። ማውና ኬያ የተባለው ተራራ 4,207 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን የሚያንሰው በጥቂቱ ነው። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፣ ተራራው ላይ ይወጣል፣ ዝናቡን ምሥራቅ ላይ ያራግፋል። በምሥራቁ ዳርቻ ያለችው ከተማ ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ የሲያትልን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ከሂሎ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነድታችሁ ምዕራብ ስትደርሱ ካዋይሃዬ አለ፤ ዝናቡ 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ እሾህና ደረቅ ሣር ነው። መሃል ላይ ዋይሜያ አለ፣ 800 ሜትር ከፍታ፣ ማታ ሹራብ የሚያስለብስ። ከኮና በላይ ያለው ተረተር ደግሞ ቡና ይበቅልበታል፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ደመና። እዚያ መጀመሪያ ስሄድ ጅማ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ችግሩ እሳተ ገሞራው ሲሠራ የሰልፈሩን ጭጋግ ነፋሱ ዞሮ ወደዚያው ይወስደዋል። አስም ያለባችሁ ይህን ልብ በሉ።

ውሃ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ውሃ ከሌለ ቤት የለም። በብዙ ሰፈሮች፣ በተለይ ፑና ውስጥ፣ የመንግሥት ውሃ የለም። ሰው የሚጠጣው ከጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ላይ የወረደው ዝናብ በአሸንዳ ወደ ትልቅ ታንከር ይገባል፣ እንደኛ ሮቶ። ልጅ ሆነን አሸንዳ ሥር ባልዲ ደርድረናል፤ ለኛ አዲስ አይደለም። ግን ጣሪያው ላይ ወፍ አለ፣ አይጥ አለ፣ ቀንድ አውጣ አለ። ማጣሪያና በአልትራቫዮሌት መብራት ጀርም የሚገድል መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ማጣሪያው በጊዜው ይቀየራል። ቤት ስታዩ ሳሎኑን ሳይሆን መጀመሪያ ታንከሩን ክፈቱ። ክዳኑ የላላ፣ ውስጡ ቅጠል የሞላ ከሆነ፣ ያ ቤት እንዴት እንደተያዘ ነግሯችኋል።

ማታም ሂዱ። ምሥራቁ በኩል ኮኪ የምትባል እንቁራሪት አለች፣ ከፖርቶ ሪኮ የመጣች፣ አውራ ጣት የማታክል። ሲመሽ ሺህ ሆነው ይጮኻሉ። አንዳንዱ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ አንዳንዱ በሳምንቱ ለቅቆ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ቦታ የሚያሳይ ደላላ ይህን ሊያሰማችሁ አይችልም።

ባሕር ዳር ለምትሉ፦ ሂሎ ስትሄዱ ከባሕሩ ፊት ለፊት ሰፊ ባዶ የሣር ሜዳ ታያላችሁ። ቤት ነበረበት። በ1946 እና በ1960 ሱናሚ ጠረገው፤ በሁለተኛው ሂሎ ላይ ብቻ 61 ሰው ሞተ። ከተማው ዳግም ቤት አላሠራበትም። ባሕሩን ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ እዩት፤ ከዚያም ያው ባሕር ነው።

ሐኪም ቤት ስንት ደቂቃ እንደሆነም ለኩ። ሂሎ ሆስፒታል አለ፣ ኮና በኩልም አለ፤ ከበድ ያለ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ በአውሮፕላን ወደ ሆኖሉሉ ነው የሚወሰደው። የሊዝ ቦታም አለና ወረቀቱን ሳታስነብቡ አትፈርሙ፤ ሊዝ ምን እንደሆነ አዲስ አበባ አስተምሮናል።

አንድ ነገር በልባችሁ ያዙልኝ። ያ ምድር ባለቤት አለው። የጥንቶቹ ሃዋያውያን መሬቱን የሚያካፍሉት ከተራራው ጫፍ እስከ ባሕሩ፣ በቁመት ነበር። «አሁፑዋአ» ይሉታል። አንድ መንደር ደጋውም ውሃውም ቆላውም ዓሣውም እንዲደርሰው። ዛሬ ልጆቻቸው በኪራይ ውድነት አገራቸውን እየለቀቁ ነው። መሬት ሲቆፈር የአባቶቻቸው አጽም ይገኛል። እኛ ርስት ምን እንደሆነ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ስትገቡ ጎረቤት ሄዳችሁ ሰላም በሉ፣ የቦታውን የጥንት ስም ጠይቁ።

እኛ በመጨረሻ ሃማኩዋ ነው የሠራነው፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ድሮ የሸንኮራ አገዳ የነበረበት። ዞን 8 ነው። አፈሩ ጥልቅ ነው፤ እንሰት የመሰለ ሙዝ ያበቅላል። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት የቆዳ ጫማ በወሩ ሻጋታ አወጣ። ግን ከመግዛታችን በፊት እዚያው ተከራይተን አምስት ወር ተቀምጠናል፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ዝናቡ በሚብስበት ጊዜ። ያንን አይተን ነው የፈረምነው። እናንተም ከቻላችሁ እንደዚያው አድርጉ።

ካርታውን ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ዘርግቼዋለሁ። ያያችሁት ቦታ ካለ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንፈልገዋለን። አመሰግናለሁ።