ባስኩሉ ላይ የቆመው ገብስ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ስለ ጣርማ በር ዋሻ ቃል የገባሁላችሁ ክፍል ለሌላ ሳምንት ይቆየኝ። ዛሬ የምናገረው ከደብረ ብርሃን የእህል ገበያ ይዤው ስለ መጣሁትና አሥር ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነገር ነው። አጎቴን ታውቋቸዋላችሁ፤ በጥቅምቱ ክፍል ስለ በሬ ግዥ ሲያወሩ ድምፃቸውን የሰማችሁትና «እኒያ ሰውዬ መቼ ይመለሳሉ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬም ድምፃቸውን አላመጣሁላችሁም፤ ያመጣሁት አንድ ጥያቄያቸውን ነው።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት የገበያ ቀን አጎቴ የቢራ ገብሳቸውን በስድስት ማዳበሪያ ሞልተው፣ በአይሱዙ አስጭነው መጡ። እኔ ተራ ልይዝላቸው ቀድሜ ከነጋዴው መጋዘን በር ላይ ቆሜ ነበር። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከተደረደረው ማዳበሪያ ላይ ተቀመጡና «እስቲ የዓለሙን ወሬ ንገረኝ» አሉኝ። እኔም ነገርኳቸው። ቻይና ከጃፓን በልጣ ሁለተኛዋ የዓለም ኢኮኖሚ ከሆነች ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን፣ ህንድ በሕዝብ ብዛት ቻይናን መቅደሟን፣ ብራዚልና ሩሲያ ደቡብ አፍሪካም ያሉበት ብሪክስ የሚባለው ስብስብ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጆሃንስበርግ ላይ እኛንም መጋበዙን፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮም አባል መሆናችንን በስሜት አስረዳኋቸው። በመጨረሻም «የዓለም የኃይል ሚዛን እየተለወጠ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ። ከዚያ ተራችን ደረሰ።

ስድስቱ ማዳበሪያ በሁለት ዙር ባስኩሉ፣ ማለትም ትልቁ የእህል ሚዛን ላይ ወጣ። መዛኙ ልጅ በባስኩሉ ክንድ ላይ ያለውን ብረት በጣቱ ገፋ፣ መለስ፣ እንደገና ገፋ አደረገና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ተናገረ። አጎቴ እቤታቸው በቁና ሰፍረው ሦስት ኩንታል ሙሉ ነው ብለው ያመጡት ገብስ 288 ኪሎ ሆነ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እጄን ያዙኝ። ብሩን ተቀበሉ፤ ቆጠሩት፤ ከዚያ ባዶዎቹን ማዳበሪያዎች እያራገፉ፣ ገለባውን እየጠረጉ፣ አንድ በአንድ አራት ላይ ያጥፏቸው ጀመር። ከመካከላቸው የአንዱ ጽሕፈት በከፊል ለቋል። «ይኼ ምን ይላል?» አሉኝ። «የተሠራበትን አገርና 50 ኪሎ መሆኑን ነው» አልኳቸው። እሱን ደግሞ አጠፉትና ሳያዩኝ፣ እጃቸው ሥራውን ሳያቆም፣ «ልጄ፣ ቅድም ተለወጠ ያልከኝ፣ የተለወጠው ሚዛኑ ነው ወይስ መዛኙ?» አሉኝ።

እኔ ምንም አልመለስኩም። አሁንም ቢሆን የምመልሰው የለኝም፤ ይህን ክፍል የቀረጽኩትም መልስ ስላገኘሁ አይደለም።

በነሐሴ 2015 በዚሁ ፕሮግራም ላይ ስለ ብሪክስ ግብዣው የተናገርኩትን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ደስታዬ እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም። ከአንድ ወገን ብቻ ስንለምን፣ ስንገሠጽ፣ ስንቀጣ ለኖርን ሕዝብ ሌላ በር መከፈቱ ቀላል ነገር አልነበረም። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣን ሥራቸውን ያጡት የልብስ ስፌት ሠራተኛ እኅቶቻችን ስለ ዲፕሎማሲ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዕቃችንን የሚገዛ ሌላ መጣ ሲባል ደስ አለኝ። ነገር ግን ያን ጊዜ ሳላስተውለው ያለፍኩት አንድ ነገር አለ። ወደ ብሪክስ በገባንበት በዚያው የታኅሣሥ ወር አገራችን ለውጭ ባለሀብቶች በሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ (የብድር ሰነድ) ላይ መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በአንድ ወር ውስጥ ከታላላቆቹ ጋር ማዕድ ቀረብን፣ በሌላ ማዕድ ደግሞ ባለዕዳ ተብለን ተጻፍን። ሁለቱን ዜናዎች ለየብቻ አነበብኳቸው እንጂ ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየኋቸውም ነበር።

ብሪክስ የሚለውን ስም ራሱን እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ2001 የጎልድማን ሳክስ ባንክ ኢኮኖሚስት ጂም ኦኔል ያኔ አራት ለነበሩት አገሮች፣ ለባለሀብቶች የት ገንዘባቸውን ቢያኖሩ እንደሚያዋጣቸው ሲያመለክት ያወጣው ስም ነው። የአገሮቹ መሪዎች በመጀመሪያው ጉባኤያቸው የተገናኙት ከስምንት ዓመት በኋላ በ2009 ሩሲያ ውስጥ፣ የካተሪንበርግ በምትባል ከተማ ነው። እንግዲህ እየተነሡ ላሉት አገሮች ስም ያወጣላቸው የነባሩ ገበያ መዛኝ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ የአጎቴ ጥያቄ ይከብደኛል። በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ውስጥ ታላላቅ ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል፤ አሜሪካ ብቻዋን 16 በመቶ ተኩል ገደማ ስለ ያዘች እሷ ያልወደደችው አያልፍም፤ በዓለም ሁለተኛ ኢኮኖሚ ያላት ቻይና ያላት ድርሻ ግን 6 በመቶ አካባቢ ነው። ክብደቱ ተለውጧል፤ ብረቱን የሚገፋው ጣት ግን ያው የድሮው ነው። ብሪክሶችም የራሳቸውን ባንክ ሻንጋይ ላይ ሲያቋቁሙ አምስቱ መሥራቾች እኩል ድርሻ ያዙ፤ ይህ መልካም ነው፤ ብሪክስ ውስጥ የገባ ሁሉ ግን ባንኩ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም፤ ያ ለብቻው የሚንኳኳ በር ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ገበያው ልመለስ፤ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ።

ያ ነጋዴ ለአጎቴ አዲስ ነው። እስከ አምና ድረስ የሚሸጡት ከገበያው ማዶ መጋዘን ላለው ለሌላ ሰው ነበር፤ ዋጋ ሲያወርድባቸው፣ አንዳንዴም «ነገ ተመለሱ» እያለ ሲያጉላላቸው ብዙ ዓመት ችለውታል። አዲሱ ሲመጣ ኩንታሉን ከፍ አድርጎ ገዛ፤ ለዘርም ቀብድ ሰጣቸው። አጎቴ ያን ጊዜ ምን ያህል እንደተደሰቱ ቤታቸው ሄጄ አይቻለሁ፤ አሮጌው ነጋዴም ተደናግጦ ዋጋውን ጨመረ። ሁለት ገዢ ማለት ይህ ነው። ይህን ማንም እንዲንቅብኝ አልፈልግም፤ አንኮበር የተማረችው ይህንኑ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 እ.ኤ.አ. ከቦምቤይ ከተላከው እንግሊዛዊ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር ተዋዋሉ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ከፈረንሳዊው ከሮሼ ዴሪኩር ጋር ተዋዋሉ። አንዱ ያመጣውን ጠመንጃ ሌላው እንዲበልጠው ያደርጉ ነበር። ምኒልክም ያደጉት በዚሁ ትምህርት ነው። በውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ ላይ የእኛው ቅጂ «ይቻላቸዋል» የሚለውን የጣሊያንኛው ቅጂ ግዴታ አድርጎ ሲገኝ፣ ምኒልክ ውሉን ለመጣል የቻሉት ጀግንነቱ ብቻ ስለነበራቸው አይደለም፤ መሣሪያውን ከጣሊያን ከራሷም፣ ከፈረንሳይም፣ ከሩሲያም በኩል ስላገኙት ጭምር ነው። ዐድዋ የሁለት ገዢ ገበያ ፍሬም ነበረች ብል አባቶቼን አሳንሼ አይደለም፤ ይልቁንም ገበያውን ማንበባቸውን ማድነቄ ነው።

ታዲያ ምን አስጨነቀኝ?

ያንን ቀን በራሴ ውስጥ ደጋግሜ ሳየው፣ መጀመሪያ ያየሁት ባስኩሉን ብቻ ነበር። ሁለተኛ ሳየው የአጎቴን እጅ አየሁ። ሦስተኛ ጊዜ፣ ሌሊት ላይ ነው፣ ከመጋዘኑ በር በስተግራ ያለው አግዳሚ ወንበር ትዝ አለኝ። አሮጌው ነጋዴና አዲሱ ነጋዴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። ሲሳሳቁም ሰምቻለሁ። አጎቴ ይህን ገና ከመኪናው ሲወርዱ አይተውታል፤ እጄን የያዙኝም ለዚህ ነበር መሰለኝ። የሚሄዱበት ሌላ መጋዘን እንደሌለ ገብቷቸዋል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የማነበው ሁሉ ያን አግዳሚ ወንበር ይመስለኛል። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1898 እ.ኤ.አ. በነጭ ዓባይ ዳር ፋሾዳ ላይ ለመዋጋት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ በ1904 ታረቁ፤ በ1906 ደግሞ ጣሊያንን ጨምረው ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ተፈራረሙ፤ የየራሳቸውን የጥቅም ክልል አስቀመጡ። ዐድዋ ላይ ያሸነፉት ምኒልክ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ሳይጠየቁ የተደረገ ነው። ለብዙ ዓመታት እርስ በርሳቸው ሲፎካከሩ ያልጎዱንን ያህል አንድ ቀን ሲስማሙ ጎዱን። አሁን ደግሞ አበዳሪ መንግሥታት የእኛን ዕዳ ለማሸጋሸግ ያቋቋሙትን ኮሚቴ በጋራ የሚመሩት ማን ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በመርህ ደረጃ የተስማማነው በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ ነው፤ እፎይታ ነው፤ እፎይታ መሆኑን አልክድም። የምለው ግን አንዱ ተነሣ፣ ሌላው ወደቀ እያልን የምናወራላቸው ወገኖች በእኛ ጉዳይ ሲመጡ ከጠረጴዛው በአንድ በኩል መቀመጣቸውን ነው።

ወይም ደግሞ አበዳሪ ሁሉ እንደ አበዳሪ ይቀመጣል፤ ምናልባት ከዚህ ያለፈ ነገር ላይኖረው ይችላል። ተስፋ መቁረጥ ውስጥ እንዳልገባ እፈራለሁ።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። አጎቴ ለዓለም ሚዛን ሩቅ ሰው አይደሉም። በ2021 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ቻይና ለገበሬዎቿ ስትል ማዳበሪያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ገደበች፤ በቀጣዩ የካቲት ሩሲያ ዩክሬን ገባች፤ አጎቴ በዚያ ክረምት ለማዳበሪያ የከፈሉት ከለመዱት እጥፍ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ያም መጀመሪያ የደረሰው ጎተራቸው ላይ ነው። ቤጂንግ፣ ሞስኮና ዋሽንግተን የተወሰነው ሁሉ በዚያች 50 ኪሎ በምትይዝ ከረጢት ተቋጥሮ አጎቴ ማሳ ላይ ይወርዳል። ከረጢቷንም ይዘቷንም በአንድ ቃል «ማዳበሪያ» ብለን የምንጠራው እኛ ነን፤ ይዘቱ አፈር ውስጥ ሲቀር ገብሳችንን የምንሞላው በዚያችው የእንግዳ አገር ስም በተጻፈባት ከረጢት ነው። እሳቸው ያን ለቀቅ ያለ ጽሕፈት አንብብልኝ ሲሉኝ እኔ ቁጥሩን ነገርኳቸው፤ እሳቸው የጠየቁኝ ግን ቁጥሩን አልነበረም መሰለኝ።

የማኅበራቸው ባስኩልስ? ጠይቄያቸዋለሁ። ገበሬዎቹ አዋጥተው የገዙት ነበር፤ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የሚጠግነው አልተገኘም፤ የማኅበሩ ኃላፊዎችም አንዱ በሌላው ያመካኛሉ። የአፍሪካ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ኒው ዴልሂ ላይ የቡድን 20 ቋሚ አባል ሲሆን ደስ ያለኝን ያህል፣ ከ1945 ጀምሮ በጸጥታው ምክር ቤት አንድም ቋሚ ወንበር እንደሌለን አስታውሼ ነበር ስለ «የራሳችን ሚዛን» ላወራ የጀመርኩት፤ ግን የማኅበሩን ባስኩል ሳስብ ንግግሬ አፌ ላይ ይቀራል። ሌሎቹን ከመውቀሴ በፊት… ይህን ሐሳብ አልጨርሰውም፤ አሁን አልችልም።

አጎቴ ትናንት ደውለው ነበር። ለመኸሩ ሽያጭ ከአዲስ አበባ የእጅ ሚዛን፣ በመንጠቆ የሚንጠለጠለውን፣ እንድገዛላቸው ጠየቁኝ። «እቤቴ መዝኜው ልሂድ እንጂ እዚያ ሄጄ ልከራከር አይደለም» አሉ። ዛሬ ጠዋት ገዛሁላቸው። ባለሱቁ ትክክል ነው አለኝ፤ እኔ ግን አላመንኩትምና እቤቴ አምጥቼ ባለ አንድ ሊትር ላስቲክ ውኃ ሞልቼ ሰቀልኩበት። አንድ ኪሎ አለ፤ ደስ አለኝ። ላረጋግጥ ብዬ አውርጄ እንደገና ብሰቅለው ከአንድ ኪሎ ትንሽ ዝቅ አለ። እጄ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ፣ ወይም ሽቦው እንደሆነ አላወቅኩም። ሦስተኛ ጊዜ ልሰቅለው ተነሣሁና… አሁን ከፊቴ ተንጠልጥሏል፤ ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን እወርዳለሁ፤ ልስጣቸው ወይስ ሌላ ልፈልግላቸው እያልኩ…