ደመወዝ ሳይቋረጥ አንድ እርከን ከፍ ማለት፦ በእንግሊዝ የአሲስታንት ፕራክቲሽነር ከፍተኛ አፕረንቲስሺፕ

[በስክሪኑ ላይ፦ ርዕሱ። ከኋላው የሆስፒታል ዋርድ በጠዋት፤ አንዲት ሠራተኛ የደም ግፊት መለኪያ እየገፋች ወደ ሕመምተኛ አልጋ ትቀርባለች።]

በእንግሊዝ ሆስፒታል የተኛ ሕመምተኛ ከማንም ይልቅ አዘውትሮ የሚያየው ሐኪሙን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ነርሷንም አይደለም። ገላውን የሚያጥበው፣ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያሸጋግረው፣ ምግብ የሚያቀርብለትና የደም ግፊቱን የሚለካው ሄልዝኬር አሲስታንት የሚባለው የጤና ረዳት ነው። ጋዜጠኛዋ ካሚላ ካቨንዲሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ለብሪታንያ መንግሥት ያቀረቡት ሪፖርት፣ በጤናና በማኅበራዊ እንክብካቤ ዘርፍ የተመዘገቡ ነርሶች ያልሆኑ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞች አብዛኛውን የቅርብ እንክብካቤ እንደሚሰጡ፣ የሚያገኙት ሥልጠና ግን ከቀጣሪ ቀጣሪ እጅግ የተለያየ መሆኑን አመልክቶ ነበር። አዲስ ገቢዎች የሚወስዱት ኬር ሰርተፊኬት የተባለው የመነሻ ሥልጠና በ2015 ሥራ ላይ የዋለው ይህንኑ ተከትሎ ነው።

የዚህ ቪዲዮ ጉዳይ ከመነሻው በኋላ ያለው እርከን ነው። በብሪታንያ ከተሞች በሆስፒታልና ኬር ሆም በሚባሉት የእንክብካቤ መኖሪያዎች ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱም ብዙዎቹ የቤት ኪራይ የሚከፍሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ አገር ቤትም የሚረዱት ቤተሰብ ያላቸው በመሆናቸው ሥራ አቁሞ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን የሚታሰብ አይደለም። አሲስታንት ፕራክቲሽነር፣ ማለትም ከጤና ረዳት በላይ ከነርስ በታች ያለ ሠራተኛ፣ ለመሆን የሚያበቃው ከፍተኛ አፕረንቲስሺፕ የተዘጋጀው እንዲህ ላለው ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሠልጣኙ ተቀጥሮ፣ ደመወዝ እየተከፈለው፣ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ይማራልና።

[በስክሪኑ ላይ፦ ከባንድ 2 እስከ ባንድ 5 የተደረደሩ አራት እርከኖች፤ ባንድ 4 ደምቆ ይታያል።]

ኤንኤችኤስ የሚባለው የብሪታንያ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ2004 ጀምሮ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን ባንድ በሚባሉ የደመወዝ እርከኖች ይመድባል። ጀማሪ የጤና ረዳት ባንድ 2 ላይ ይገባል፤ ልምድ ያካበተና ተጨማሪ ኃላፊነት የተሰጠው ባንድ 3 ይሆናል፤ አዲስ የተመረቀ ነርስ ከባንድ 5 ይጀምራል። አሲስታንት ፕራክቲሽነሩ በመካከላቸው ባለው ባንድ 4 ላይ ነው። የትምህርቱ ደረጃ ደግሞ ሌቭል 5 ይባላል፤ ይህም ከሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ በላይ፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በታች ማለት ነው። ሌቭል 4 እና 5 ላይ ያሉት አፕረንቲስሺፖች ከፍተኛ የሚል ቅጥያ የተሰጣቸውም በዚህ ምክንያት ነው። የምንገልጸው ሥርዓት የእንግሊዝ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አሠራር አላቸው።

ታዲያ ባንድ 4 ላይ ያለው ሰው ባንድ 2 ላይ ካለው የሚለየው በምንድን ነው? ብዙ ሰው መልሱን ከሥራው ዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል፦ ደም መቅዳት፣ የልብ ምርመራ ማንሳት፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት፣ ቁስል ማሸግ። ዝርዝሩ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ከሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚለያይ ብዙ አያስረዳም። ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዶቹን በቂ ሥልጠና ያገኘ ባንድ 3 ሠራተኛም ይሠራቸዋል። ልዩነቱ ያለው ለምን እንደሚሠራ በማወቅና የራስን ወሰን በማወቅ ላይ ነው። ይህን ለማሳየት ከዕለት ሥራ አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

[በስክሪኑ ላይ፦ የሕመምተኛ መከታተያ ሠንጠረዥ። ቁጥሮቹ ተራኪው ሲጠራቸው አንድ በአንድ ይገባሉ።]

በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የአዋቂ ሕመምተኛ ሁኔታ እየተባባሰ መሆኑን ቀድሞ ለማወቅ የሚያገለግለው መለኪያ ኒውስ 2 ይባላል። የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2012 ያወጣውና በ2017 ያሻሻለው ሥርዓት ሲሆን ስድስት ነገሮችን ይመዝናል፦ ትንፋሽ፣ በደም ውስጥ ያለ ኦክስጅን፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የንቃት ሁኔታ እና የሰውነት ሙቀት። እያንዳንዱ ከመደበኛው በራቀ መጠን ነጥብ ይሰጠዋል፤ በተጨማሪ ኦክስጅን ለሚታገዝ ሕመምተኛም ሌላ 2 ነጥብ ይታከላል።

አሁን በሳንባ ኢንፌክሽን የተኙ አንዲት እናት አሉ እንበል። በደቂቃ 22 ጊዜ ይተነፍሳሉ፤ 2 ነጥብ። ኦክስጅናቸው ያለ ምንም እርዳታ 95 በመቶ ነው፤ 1 ነጥብ። የላይኛው የደም ግፊታቸው 108 ነው፤ 1። የልብ ምታቸው 104፤ 1። ሙቀታቸው 38.4፤ 1። ነቅተው በደንብ ያወራሉ፤ 0። ቁጥሮቹን ለየብቻ ላየ ሰው የሚያስደነግጥ አንድም የለም፤ እርሳቸውም «ደህና ነኝ ልጄ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ድምሩ ግን 6 ነው። 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነርሷ ለሐኪሞቹ ወዲያውኑ ማሳወቅ፣ ሕመምተኛዋም ቢያንስ በየሰዓቱ መለካት ይኖርባቸዋል፤ ኢንፌክሽን ካለ ደግሞ ሴፕሲስ፣ ማለትም ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው ምላሽ የራሱን አካላት የሚጎዳበት አደገኛ ሁኔታ፣ መታሰብ አለበት። 7 ሲደርስ ጉዳዩ አስቸኳይ አደጋ ነው።

ቁጥሮቹን በትክክል ለክቶ፣ መዝግቦ፣ ለነርሷ መንገር የጤና ረዳቱም ግዴታ ነው። አሲስታንት ፕራክቲሽነር ለመሆን የሚሠለጥነው ሰው ግን ከዚህ አልፎ ኢንፌክሽን ትንፋሽን ለምን እንደሚያፋጥን፣ ግፊት ሲወርድ ልብ ለምን እንደሚሮጥ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ድምሩ 2 የነበረ ሰው አሁን 6 መሆኑ ምን እንደሚያመለክት ይማራል። ስለዚህ ለነርሷ ሲናገር ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የለውጡን አቅጣጫ ጨምሮ ያስረዳል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናንሳ፦ ከስድስቱ ብዙ ጊዜ በግምት የሚሞላው ትንፋሽ ነው፤ የሚቆጥረው ማሽን ሳይሆን ሰው ነውና። በጥሩ ሁኔታ የሠለጠነ ሰው ሕመምተኛው ሳያውቅበት፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጥራል።

ወሰኑ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። አሲስታንት ፕራክቲሽነሩ በሽታውን ለይቶ አይወስንም፤ የሕክምና ዕቅዱንም በራሱ ሥልጣን አይለውጥም። የሚሠራው በተመዘገበ ባለሙያ፣ ማለትም በነርስ፣ በፊዚዮቴራፒስት ወይም በሌላ ባለሙያ ውክልናና ክትትል ሥር ነው። ሥራውን የሚያስተላልፈው ባለሙያ ለማስተላለፉ ይጠየቃል፤ ተቀባዩም ለአሠራሩ ይጠየቃል። ያልሠለጠኑበትን ሥራ «ሥራ በዝቶብናል፣ እባክህ ሥራልኝ» ሲባሉ አልችልም ማለት መቻል የሥልጠናው አካል እንጂ ድፍረት ተደርጎ አይቆጠርም። በታላቅ ፊት እሺ ማለትን እንደ ጨዋነት ቆጥሮ ላደገ ሰው ይህ ከአናቶሚ ትምህርት የሚከብድበት ጊዜ አለ።

[በስክሪኑ ላይ፦ የሳምንት መርሐ ግብር፤ አንዱ ቀን «የትምህርት ቀን» የሚል ምልክት አለው።]

ወደ ሥልጠናው አካሄድ እንለፍ። ጊዜው እንደ አሠልጣኙ ተቋም ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲ ወይም በኮሌጅ ይሰጣል፤ በአንዳንድ ቦታ ፋውንዴሽን ዲግሪ የሚባለውን መመዘኛ ያስገኛል፤ በሌላ ቦታ ሌቭል 5 ዲፕሎማ ይሆናል። ከቀረው ጊዜ አብዛኛው በዋርድ፣ በማኅበረሰብ ጤና ቡድን፣ በማገገሚያ ክፍል ወይም በጂፒ (የቤተሰብ ሐኪም) ክሊኒክ በሥራ ላይ ያልፋል። ሠልጣኙ የሠራውንና የተማረበትን በፖርትፎሊዮ (የሥራ ማስረጃ ማኅደር) እየመዘገበ፣ ችሎታውን በተመደበለት ባለሙያ እያስፈረመ ይቀጥላል።

የትምህርት ክፍያ ከሠልጣኙ አይጠየቅም፤ ማስከፈልም ክልክል ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከቀጣሪውና ከመንግሥት ነው። ከአፕሪል 2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ቀጣሪዎች ከ3 ሚሊዮኑ በላይ ካለው የደመወዝ ወጪ 0.5 በመቶ ለአፕረንቲስሺፕ እንዲያዋጡ ተደርጓል። ትልልቅ ሆስፒታሎች ሁሉ በዚህ ሥር ስለሚወድቁ ለሥልጠና ብቻ የሚውል ገንዘብ አላቸው ማለት ነው፤ በጊዜው ካልተጠቀሙበትም ያልፍባቸዋል። አለቃዎን ለማነጋገር ሲገቡ ይህን ማወቅ አይከፋም።

ለትምህርት የሚሰጠው ሰዓት ብዙ ቅሬታ የሚሰማበት ጉዳይ በመሆኑ ጥቂት እንቆይበት። ደንቡ መጀመሪያ ከሥራ ሰዓቱ 20 በመቶው ለሥልጠና እንዲውል ያዝ ነበር፤ ከኦገስት 2022 ጀምሮ ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በሳምንት በአማካይ 6 ሰዓት ሆነ፤ ከኦገስት 2025 ወዲህ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሙያ አነስተኛው የሰዓት ድምር ተለይቶ ይወሰናል። ያልተለወጠው መሠረታዊ ሐሳብ ሰዓቱ የሚሰጠው በሚከፈልበት የሥራ ጊዜ ውስጥ መሆኑ ነው። በተግባር ግን በዋርድ ሰው ሲጎድል የመጀመሪያው ተነካኪ የሠልጣኙ የትምህርት ቀን ነው፤ «ዛሬን ብቻ» ተብሎ ይጀመርና ልማድ ይሆናል። ስለዚህ የቀሩብዎትን ሰዓታት በቀን በቀን መዝግበው መያዝ፣ በየጥቂት ሳምንቱ ከአለቃዎና ከአሠልጣኙ ጋር በሚደረገው የሦስትዮሽ ስብሰባ ላይም በጽሑፍ ማቅረብ ይገባል። ስሞታ እንዳይመስልብኝ ብሎ ዝም ማለት መጨረሻ ላይ የሚጎዳው ሠልጣኙን ነው።

ደመወዝን በተመለከተ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ መጠን በእርግጥ ትንሽ ነው፤ ዕድሜው ከ19 ዓመት በላይ የሆነ አፕረንቲስ እንኳ በመጀመሪያው ዓመት የአፕረንቲስ ዝቅተኛ ክፍያ ሊከፈለው ይችላል። ይህ ክፍያ ከአፕሪል 2025 በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር። በኤንኤችኤስ ውስጥ ከቆየበት ሥራ ወደ ሥልጠናው የሚገባ ሠራተኛ ግን ብዙውን ጊዜ የባንድ 3 ደመወዝ ወይም ለዚያ የቀረበ ክፍያ ያገኛል። ውል ከመፈረም በፊት ቁጥሩን በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለውም። በተለይ የሌሊትና የቅዳሜ እሑድ ተጨማሪ ክፍያ ላይ ተመሥርቶ ኑሮውን ያቀደ ሰው፣ የትምህርት ቀኖቹ በሥራ ቀን ስለሚውሉ ያ ገቢ ሊቀንስበት እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት አለበት።

[በስክሪኑ ላይ፦ «ማን ሊገባ ይችላል?»]

ወደ ሥልጠናው የሚገቡት በአብዛኛው እዚያው የሚሠሩና በአለቃቸው የተደገፉ የጤና ረዳቶች ናቸው፤ ክፍት ቦታዎች በኤንኤችኤስ ጆብስ ድረ ገጽና በመንግሥት የአፕረንቲስሺፕ መፈለጊያ ላይም ይወጣሉ። የመሥራት መብት ያስፈልጋል፤ ለመንግሥት ድጋፉ ደግሞ በአጠቃላይ ያለፉትን ሦስት ዓመታት በአገሪቱ መኖር ይጠየቃል። የስደተኝነት ማረጋገጫ ያገኘ ሰው ግን የሦስት ዓመቱን ቆይታ መጠበቅ የለበትም። እንግሊዝኛና ሒሳብ በሌቭል 2 (ተማሪዎች በ16 ዓመታቸው አካባቢ በሚወስዱት የትምህርት ቤት ፈተና ደረጃ) ማለፍ ቀድሞ ለሁሉም ግዴታ ነበር፤ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ሥልጠናውን ሲጀምሩ ዕድሜያቸው 19 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ውሳኔው ለቀጣሪው ተትቷል። ዩኒቨርሲቲዎች ግን የራሳቸውን የመግቢያ መስፈርት ሊያስቀምጡ ስለሚችሉ፣ ነርስነትን የሚያስብ ሰው እነዚህን ሁለት ትምህርቶች ቢያጠናቅቅ ይሻላል። የአገር ቤት ማስረጃ ያላቸው ሰዎች ከብሪታንያ ደረጃ ጋር የሚያነጻጽር ሰነድ ዩኬ ኢኒክ ከሚባለው ተቋም ማውጣት ይችላሉ።

አገር ቤት በነርስነት ተመርቀው እዚህ በጤና ረዳትነት የሚሠሩ ግን ወደዚህ ሥልጠና ከመቸኮላቸው በፊት ሌላውን በር ቢያንኳኩ ይመረጣል። የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት በውጭ አገር ለሠለጠኑ ነርሶች የምዝገባ መንገድ አለው፤ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማረጋገጫ፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተናና ኦስኪ የተባለውን የተግባር ፈተና ያካትታል። ከባድ ቢሆንም የሚያደርሰው ባንድ 5 ላይ ነው። አፕረንቲስሺፕ በበኩሉ ለሠልጣኙ አዲስ እውቀት መስጠት አለበት ስለሚባል፣ ትምህርቱን አስቀድሞ የተማረ ሰው ብቁ ላይሆንም ይችላል።

ሌላው መታየት ያለበት ነርሲንግ አሶሲየት የሚባለው ሙያ ነው። እርሱም ሌቭል 5 ነው፤ እርሱም ባንድ 4 ነው፤ በአፕረንቲስሺፕም ይሠለጠናል። ዋናው ልዩነት ነርሲንግ አሶሲየት ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ በምክር ቤቱ መዝገብ የሚመዘገብና በሕግ የተጠበቀ ስም ያለው መሆኑ ነው። አሲስታንት ፕራክቲሽነር እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም፤ ስለሆነም አንድ ሆስፒታል የፈቀደውን ሥራ ሌላው እንደ አዲስ ሊመዝነው ይችላል። ግብዎ ነርስነት ከሆነ ቀጥተኛው መንገድ የነርሲንግ አሶሲየቱ ነው ብለን እናምናለን። ፊዚዮቴራፒ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሕመምተኛው የዕለት ተግባሩን በራሱ እንዲያከናውን የሚረዳ ሕክምና) ወይም ማገገሚያ ክፍል ውስጥ መሥራት የሚወድ ሰው ግን በነርሲንግ ብቻ የማይታጠረው የአሲስታንት ፕራክቲሽነሩ መንገድ ይስማማዋል።

[በስክሪኑ ላይ፦ አንድ ሠልጣኝ በዋርድ ሲሠራ፣ ከጎኑ የሚከታተል ገምጋሚ።]

ሥልጠናው ሲገባደድ ቀጣሪው ሠልጣኙ ዝግጁ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከዚያም የመጨረሻ ምዘና ይደረጋል። የምዘናው ይዘት በተለያየ ጊዜ የተሻሻለ ቢሆንም በሥራ ላይ መታየትና ስለ ሥራው በቃል መጠየቅ ዋናዎቹ ሆነው ቆይተዋል። ማለፍ ግን በራሱ ባንድ 4 አይሰጥም። እርከኑ የሚገኘው ክፍሉ ለዚያ ደረጃ በጀት ያለው የሥራ መደብ ካለው ብቻ ነው፤ ተመርቀው በባንድ 3 ደመወዝ መደብ እስኪከፈት የሚጠብቁ ሰዎችም አሉ። አንዳንድ ውሎች ደግሞ ከምረቃ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እዚያው መሥራትን ያስገድዳሉ። ስለዚህ ቅጹ ላይ ከመፈረምዎ በፊት ለአለቃዎ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ስጨርስ የሚጠብቀኝ የባንድ 4 መደብ አሁን በበጀት ተይዟል ወይ? ከተያዘስ በየትኛው ክፍል ነው? መልሱን በኢሜይል እንዲልኩልዎ ይጠይቁ።