ማስረጃውን የሚያጠፋ ሪስታርት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሜሞሪ ሊክ ላወራችሁ ነው፤ ፕሮግራም የማይፈልገውን ሜሞሪ ሳይለቅ እያጠራቀመ ሲሄድ ማለት ነው።

የምንሠራበት አንድ የጃቫ አፕሊኬሽን ነበር። ሰርቨሩ ሩቅ ነው፤ ከሩቅ ሆነን ትእዛዝ በምንሰጥበት በኤስኤስኤች ካልሆነ አናገኘውም። በየሁለት ሦስት ቀኑ ድንገት ጸጥ ይላል። አፕሊኬሽኑ የሠራውን በሚመዘግብበት ሎግ ላይ አንድም ስህተት የለም። የተረፈችን ፍንጭ ፕሮሰሱ፣ ማለትም ሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም፣ ሲዘጋ የተዋት 137 የምትል የመውጫ ቁጥር ነበረች። 128 ሲደመር የገደለው ሲግናል ቁጥር፣ 9፣ ማለት ናት። 9 ደግሞ ሊኑክስ ፕሮሰስን ፋታ ሳይሰጥ የሚገድልበት ሲግናል ነው። የከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት፣ መልእክት ስናነብ ገዳዩን አገኘነው፦ ኦኦኤም ኪለር፤ የማሽኑ ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮሰስ መርጦ የሚገድለው የከርነሉ ክፍል። ጃቫ ዳታውን ለሚያስቀምጥበት የሜሞሪ ክፍል፣ ለሂፑ፣ የፈቀድነው ጣሪያ ማሽኑ ከሚችለው በላይ ስለነበር፣ ጃቫ ራሱ «ሜሞሪ አለቀብኝ» ብሎ ሳይጮህ ከርነሉ ቀደመው።

ምን አደረግን መሰላችሁ? በየሌሊቱ ሪስታርት እንዲያደርገው ክሮን፣ ማለትም በተወሰነ ሰዓት ራሱ የሚነሳ ትእዛዝ፣ ጻፍን። ለወራት ሠራ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን እሱ ነው። በየሌሊቱ ማስረጃውን በገዛ እጃችን እናጠፋ ነበር። ኋላ ተጠቃሚው ሲበዛ ጠራራ ፀሐይ ላይ መውደቅ ጀመረ።

የሜሞሪ አጠቃቀሙን በሚያሳየው ግራፍ ላይ መጀመሪያ የማየው ጫፍ ጫፉን ነበር። ተሳስቼ ነበር። የጃቫ ሜሞሪ ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው። መታየት ያለበት ወለሉ ነው፤ የማያስፈልገውን ሜሞሪ የሚያጸዳው የጃቫ ጋርቤጅ ኮሌክተር ጠርጎ ሲጨርስ የሚቀረው። የእኛ ወለል በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይል ነበር።

በጥቂት ሰዓታት ልዩነት ሁለት ሂፕ ደምፕ፣ ማለትም በሂፑ ውስጥ ያለውን ሁሉ የያዘ ፋይል፣ ወሰድን። ይሄን ስታደርጉ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ደምፑ እስኪያልቅ አፕሊኬሽኑ ይቆማል፤ ሰርቨሩን መጀመሪያ ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች ከሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር አውጡት። ፋይሉ የሂፑን ያህል ሊሆን ስለሚችል ዲስኩንም እዩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰው ፓስወርድና መረጃ ውስጡ ቁጭ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በየላፕቶፑ የሚዞር ነገር አይደለም።

ሁለቱን ስናነጻጽር አንድ ሃሽማፕ፣ ማለትም ዳታን በቁልፍ የሚያስቀምጥ መዋቅር፣ ብቻውን አብጦ አገኘነው። አንዴ የተገኘ መልስ አስቀምጦ ሥራ ያፈጥናል ተብሎ የተጻፈ ካሽ ነው። ቁልፉ እኛው የጻፍነው ክላስ ነበር፤ ሁለት ቁልፎች አንድ መሆናቸውን ጃቫ የሚያውቅባቸውን ሜተዶች፣ ኢኳልስና ሃሽኮድን፣ ግን አልጻፍንለትም። ስለዚህ ያው ጥያቄ ደግሞ ሲመጣ ለጃቫ ሁሌም አዲስ ነው። ካሹ ያስቀመጠውን አንድም ቀን መልሶ አላገኘውም። ዝም ብሎ ያጠራቅማል። የእኔም ዓይን ያንን ኮድ ስንት ጊዜ አይቶ አልፎታል!

ሁለቱን ሜተዶች ጻፍን። ለካሹም የመጠን ገደብ አበጀንለት። ከዚያ ክሮኑን አጠፋሁት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ ግራፉን ከፈትኩ። ወለሉ ንቅንቅ አላለም።