ከድምፃውያኑ በፊት የምንሰማቸው ሁለት ሰዎች

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዘፈን ነው። የዲትሮይቱ የድምፃውያን ቡድን ቴምፕቴሽንስ እ.ኤ.አ. በ1964 መገባደጃ ላይ በሸክላ ያወጣው ‹‹ማይ ገርል›› በማርች 1965 በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ፣ ቡድኑ እዚያ ደረጃ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። አምስቱን ድምፃውያን ዓለም ያውቃቸዋል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን እዚህ የቆምኩት ከእነሱ ድምፅ በፊት ስለምንሰማቸው ሁለት ሰዎች ልነግራችሁ ነው።

እስቲ የዘፈኑን አጀማመር አስታውሱ። ማንም ሳይዘፍን የጄምስ ጄመርሰን ቤዝ ጊታር ብቻውን ይመጣል፤ ጥቂት ድምፆችን ብቻ፣ በመካከላቸው ዝምታ እየተወ ደጋግሞ ይመታል። በዚያ ላይ የሮበርት ዋይት ጊታር ይደረብና አምስት ድምፆችን ተከትሎ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የድምፆቹ ርቀት በእኛ ሙዚቃ ትዝታ ሜጀር ከምንለው ቅኝት ጋር አንድ ነው፤ የእኛ ጆሮ ዜማውን ገና ሲሰማው የሚቀበለውም ለዚህ ይመስለኛል። መሪ ድምፃዊው ዴቪድ ራፊን የመጀመሪያውን ስንኝ ከማውጣቱ በፊት ማንኛውም አድማጭ ዘፈኑን ለይቶታል።

ራፊን ወደ ቡድኑ የገባው በዚያው በ1964 መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በመሪ ድምፅነት የሚዘፍኑት በአብዛኛው ኤዲ ኬንድሪክስ እና ፖል ዊሊያምስ ነበሩ። የሌላው የድምፃውያን ቡድን የሚራክልስ መሪ ስሞኪ ሮቢንሰን ከቡድን ጓደኛው ከሮናልድ ዋይት ጋር ዘፈኑን ሲደርስ ያሰበው የራፊንን ሻካራ ድምፅ ነው። ለዚህ ድምፅ ጩኸት የሚጠይቅ ሳይሆን እጅግ ለስላሳ የፍቅር ዜማ መስጠቱን ከሁሉ አብልጬ አደንቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉሮሮ ለስላሳ ቃል ሲያወጣ ቃሉ ይታመናልና። የተቀባዮቹን ክፍል ደግሞ ቡድኑ ራሱ እንዲፈጥረው ተወለት፤ የአዝማቹን ቃል ከራፊን ተቀብለው አንዱ በሌላው ላይ እየደረቡ ሲመልሱት የምንሰማው የእነሱ የእጅ ሥራ ነው። ፖል ራይዘር ያቀናበራቸው ቫዮሊኖች መካከል ላይ ገብተው ሲያበቁም ዘፈኑ በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ ወደ መጨረሻው ክፍል ይሻገራል።

ይህ ሁሉ የተቀዳው በዌስት ግራንድ ቡልቫርድ፣ የቤት ቁጥር 2648፣ ሞታውን የተባለው የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ መኖሪያ ቤት ገዝቶ ወደ ስቱዲዮነት በለወጠው ሥፍራ ነው። ሙዚቀኞቹ ‹‹የእባብ ጉድጓድ›› በሚሏት በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘፋኝ ሲለዋወጥ አጃቢዎቹ ግን በአብዛኛው እነዚያው ነበሩ፤ ጄመርሰንም የቤዙን ክሮች በአንዲት የቀኝ እጅ ጣት ብቻ እየመታ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ያልፍ ነበር። ሆኖም በስድሳዎቹ ዓመታት የእነዚህ ሰዎች ስም በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ አልተጻፈም፤ የጄመርሰን ስም በሞታውን አልበም ሽፋን ላይ የታየው በ1971 ነው። ይህን በቀላሉ የሚታለፍ የዘመኑ አሠራር አድርጌ ልቀበለው አልችልም። ለደራሲው ስም ቦታ የተገኘበት ወረቀት ለተጫዋቹም ይበቃ ነበር።

በ2002 ስለ እነዚህ ሙዚቀኞች በወጣው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ሮበርት ዋይት ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ ‹‹ማይ ገርል›› ይከፈታል፤ ያ የመግቢያ ጊታር ይሰማል። ሊታዘዘው ለመጣው አስተናጋጅ ‹‹ይህን የተጫወትኩት እኔ ነኝ›› ሊለው ይጀምርና፣ አያምነኝም ብሎ በማሰብ ይተወዋል፤ ምግቡን ብቻ ያዛል።

ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን ዘፈኑን እናሰማችኋለን። ቤዙ ሲጀምር ጄመርሰን፣ ጊታሩ ሲገባ ዋይት በሉልኝ።