ኢኮኖሚው ሲያድግ ወንበሩ ይነቃነቃል?

ባለፈው ስለ ኢኮኖሚ ዕድገትና ስለ ፖለቲካ ለውጥ ካወራን በኋላ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ከጥያቄዎቹ አራቱን መርጬ መልሻለሁ። ዓመታቱም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከደብረ ብርሃን የደወሉ አባት፦ «የቃኘው ዘማች ልጅ ነኝ። አባቴ ኮሪያን ሲያነሳ ስለ ብርዱና ስለ ችግሩ ነበር የሚያወራው። ዛሬ ልጆቻችን እዚያ መሄድ ይመኛሉ። ያንን አገር ያሳደገው አምባገነን ነው ይባላል። እውነት ነው?»

ጋሼ፣ ግማሹ እውነት ነው። ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ የአንድ ኮሪያዊ አማካይ የዓመት ገቢ 100 ዶላር አካባቢ ነበር። ፓርክ ባንኮቹን በእጃቸው አስገቡ። ርካሽ ብድር የሚያገኘው ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ሆነ። ምን ይልኩ ነበር? መኪና እንዳይመስልዎ። ከዋናዎቹ አንዱ ዊግ ነበር። አዎ፣ ዊግ! አንዷ ፀጉሯን ትሸጣለች፣ ሌላዋ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራዋለች፣ አሜሪካ ይሄዳል።

የቀረው ግማሽ ግን ብዙም አይወራም። በ1979 ሶል ውስጥ አንድ የዊግ ፋብሪካ ሊዘጋ ሆነ። ወደ 200 የሚጠጉ ሴት ሠራተኞች የተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ገብተው አንወጣም አሉ። ፖሊስ ሰብሮ ገባ፤ አንዲት ወጣት ሞተች። የተቃዋሚው መሪ ኪም ያንግ ሳም መንግሥትን አምርረው በመንቀፋቸው ከፓርላማ ተባረሩ። ይሄኔ ደጋፊዎቻቸው የሚበዙባቸው ቡሳንና ማሳን በተቃውሞ ተናጡ። ተቃውሞውን በምን እናብርደው በሚለው ባለሥልጣናቱ ተጣሉ። ጥቅምት 26 ማታ ፓርክን እራት ላይ ተኩሶ የገደላቸው የገዛ ራሳቸው የስለላ ሹም ነው። ከዊግ ፋብሪካ ተነስቶ እዚያ ማዕድ ላይ ይደረሳል ብሎ ማን ያስባል? ለእኔ ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ ዕድገቱ ራሱ ፖለቲካውን አልለወጠም። ዕድገቱ የፈጠራቸው ሰዎች ናቸው የለወጡት።

ከአዲስ አበባ የደወለች ተማሪ፦ «ታዲያ ፓርክ ሲሞቱ ዲሞክራሲ ወዲያው ለምን አልመጣም?»

ሌላ ጄኔራል ቀደመው፣ እህቴ። ቹን ዱ ህዋን ሥልጣኑን ጠቀለሉ። በግንቦት 1980 ጓንግጁ ከተማ ስትቃወም ጦር ገባባት፤ ከ150 በላይ ሰው ተገደለ። ከዚያ በኋላ ኢኮኖሚው ተመነደገ፤ ሰዉም ዝም ያለ መሰለ። በጥር 1987 አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፖሊስ ምርመራ ላይ ሞተ። ፖሊስ የሰጠው ምክንያት መርማሪው ጠረጴዛ ሲመታ ልጁ ደንግጦ ሞተ የሚል ነበር። ማን ይመን? ውሃ ውስጥ እየደፈቁ እንዳሠቃዩት ታወቀ።

ሰኔ ላይ ከተማሪዎቹ ጎን የቢሮ ሠራተኞች ሸሚዝና ክራቫታቸውን እንዳሰሩ አደባባይ ወጡ። «የክራቫት ጦር» ይሏቸዋል። ደመወዝና የሚያጡት ነገር ያላቸው፣ ዕድገቱ የወለዳቸው ሰዎች ናቸው። ሶል የምታስተናግደው ኦሎምፒክ አንድ ዓመት ቀርቶታል፣ ዓለም እያየ ነው። ሰኔ 29 መንግሥት ቀጥተኛ ምርጫ ፈቀደ። የሚያስቀው (ወይም የሚያስለቅሰው) ሁለቱ የተቃዋሚ መሪዎች፣ ሁለቱ ኪሞች (ኪም ያንግ ሳምና ኪም ዴ ጁንግ)፣ አልስማማ ብለው ድምፅ ተከፋፈሉና የቹን ጓደኛ ሮ ቴ ዉ አሸነፉ። እንዲህ ያለው ነገር ለእኛም አዲስ አይደለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ «ኢኮኖሚው ሲወድቅስ?»

ኢንዶኔዥያን እንይ። ሱሃርቶ ከ30 ዓመት በላይ ገዙ። ሩዝ ሞላ፣ ትምህርት ቤት ተሠራ። ስምምነቱ በወረቀት ባይሰፍርም ሁሉም ያውቀዋል፦ እኔ አበላችኋለሁ፣ እናንተ ዝም በሉ። ልጆቻቸው ደግሞ ከቅርንፉድ ንግድ እስከ ክፍያ መንገድ ድረስ ያዙ። ድርጅቶች በዶላር ተበድረው ሳለ የ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ መጣ። በ2,400 ሩፒያ አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ10,000 አለፈ። በግንቦት 1998 መጀመሪያ ነዳጅ ተወደደ። ግንቦት 12 አራት ተማሪዎች በጥይት ተገደሉ፣ ጃካርታ ነደደች፣ ግንቦት 21 ሱሃርቶ ለቀቁ። ማብላቱ ሲቀር ዝምታውም ቀረ።

ከሪያድ የደወሉ እህት፦ «እዚህ ሀብት ሞልቷል። ምርጫ ግን የለም።»

ነዳጅ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የሶል መንግሥት ገንዘቡ የሚመጣው ከሠራተኛው ላብ ነበር፤ የነዳጅ አገር መንግሥት ግን ከጉድጓድ ይቀዳል። ሕዝቡን ብዙ ካልጠየቀ ብዙም አይጠየቅም። ሳዑዲም ግን ሕዝቡን መጠየቅ ጀምራለች፦ በ2018 ተጨማሪ እሴት ታክስ በ5 በመቶ ተጀመረ፤ በ2020 15 ደረሰ። እርስዎም ሱቅ ሲገቡ ይከፍሉታል። ለውጥ የለም ማለት ግን አይደለም። በዚያው በ2018 ሲኒማ ተከፈተ፣ ሴቶችም መኪና መንዳት ተፈቀደላቸው። ይፈቀድልን እያሉ ለዓመታት ሲወተውቱ ከነበሩት ሴቶች አንዳንዶቹ ግን፣ ፈቃዱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ታሰሩ።